ቀዩ ቀለም እስኪገኝ፦ የ«ቁም» ምልክትና የገጽ ሽፋን ታሪክ

ዛሬ በብዙው የዓለም ክፍል መኪና የሚነዳ ሰው ስምንት ጎን ያለውን ቀይ ታፔላ ባየ ጊዜ እግሩ ሳያስበው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ቀይ ቀለምና «ቁም» የሚለው ትእዛዝ በአእምሮው ውስጥ ተጣብቀው ስለሚኖሩ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማሰብ እንኳ ያስቸግረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት በተወለደበት አገር በአሜሪካ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቢጫ ሆኖ እንደ ኖረ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ቢጫ የሆነውም ባለሙያዎቹ ቀይን ስለ ጠሉ አልነበረም። ቀይ የአደጋና የመቆም ቀለም መሆኑን ከባቡር ሥራ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ደጅ ውሎ ደጅ እያደረ ቀይነቱን የሚጠብቅ ቀለም በዘመኑ አልተገኘላቸውም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የሚተረከውም አንድ ትእዛዝ ትክክለኛ ቀለሙን ለመልበስ የኬሚስቱን፣ የብረት ሠራተኛውንና የላስቲክ ሠሪውን እጅ እንዴት ይጠብቅ እንደ ነበረ ነው።

«ቁም» የሚል ቃል ያለበት ታፔላ መጀመሪያ የተተከለው በ1915 በዲትሮይት ከተማ እንደ ሆነ ይነገራል። ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ በነጭ ላሜራ ላይ በጥቁር ፊደል የተጻፈ ተራ አራት ማዕዘን ነበር። በዚያን ጊዜ መኪናው በየመንገዱ እየበዛ ሲሄድ ምልክቱ ግን እንደየከተማውና እንደየመኪና ነጂዎች ክበብ ልማድ የተለያየ ስለ ነበር፣ በ1922 ከሚኒሶታ፣ ከዊስኮንሲንና ከኢንዲያና የተውጣጡ ሦስት የመንገድ ባለሥልጣኖች በርከት ያሉ ስቴቶችን ዞረው ሁኔታውን አጠኑ። ያዩትንም በሚቀጥለው ዓመት ለሚሲሲፒ ሸለቆ ስቴቶች የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቶች ማኅበር አቀረቡ። ማኅበሩ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። ጽሑፉ ሳይነበብ ቅርጹ ራሱ እንዲናገር ተደረገ። ክቡ ለባቡር ሐዲድ ማቋረጫ፣ ባለ ስምንት ጎኑ ለ«ቁም»፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመው ካሬ ለማስጠንቀቂያ ተመደበ። የዘመኑ የመኪና መብራት ደካማ በመሆኑ በማታ ፊደል አይነበብም፤ የታፔላው ጥላ ግን ከሩቅ ይለያል። ከዚህም ሌላ ክብና ስምንት ጎን ከላሜራ ሲቆረጡ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚያስቀሩ፣ ቁጥራቸው ጥቂት ለሆነው፣ አደጋቸው ግን ከሁሉ ለበለጠው ቦታዎች ተሰጡ። የሰው ሕይወት ጉዳይ በሚመከርበት ጉባኤ ላይ የቁርጥራጭ ላሜራም ነገር መነሣቱ አንባቢን ያስቅ ይሆናል፤ መሐንዲስን ግን አያስቀውም።

ቀለሙ እንደ ቅርጹ በቀላሉ አልተቆረጠም። በ1924 በንግድ ሚኒስትሩ በኸርበርት ሁቨር ጥሪ የተሰበሰበው ብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ «ቁም» ቀይ ይሁን የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ታፔላውን ሠርተውና ተክለው የሚጠብቁት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣኖች ግን በአሳቡ ሳይስማሙ ቀሩ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው የማታው ጉዳይ ነው፤ ቀይ ገጽ በደካማ መብራት ሲታይ ጥቁር መስሎ ከጨለማው ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ደጅ በቆመ በአጭር ጊዜ ውስጥ መደብዘዙ ነው። ዛሬ ቀይ ሆኖ የተተከለ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐምራዊ፣ ኋላም ነጣ ያለ ሥጋ መሳይ የሚሆን ምልክት ለነጂው የሚነግረው ነገር የተምታታ ነው። ስለዚህ ቢጫ ተመረጠ። በ1927 ለገጠር መንገዶች የወጣው መመሪያ «ቁም»ን ቢጫ መደብ በጥቁር ፊደል አደረገው። በ1935 የወጣው የመላ አገሪቱ መመሪያም ቢጫውን መደብ ሳይነካ፣ ፊደሉ ጥቁር ወይም ቀይ እንዲሆን ፈቀደ። ቀይ በዚህ ዓይነት በፊደሉ በኩል ተሸሽጎ ገባ ማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል አንድ ግልጽ ተቃርኖ ተፈጥሮ ነበር። የኤሌክትሪክ ትራፊክ መብራት ከ1910ዎቹ ጀምሮ ለ«ቁም» ቀይ፣ ኋላም ለማስጠንቀቂያ ቢጫ ይጠቀም ስለ ነበር፣ አንድ ነጂ በአንዱ መስቀለኛ መንገድ በቀይ ቆሞ በሚቀጥለው በቢጫ መቆም ነበረበት። መብራቱ ቀይ መሆን የቻለው ቀለሙ በመስታወቱ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። የመብራቱ ቀይ ሌሊትና ቀን ሲበራ ኖሮ አይደበዝዝም። ታፔላው ግን ቀለሙ በላዩ ላይ የተቀባ፣ ለፀሐይ የተጋለጠ ነበር። የኋለኛው ታሪክ ሁሉ ይህን ልዩነት ለማጥፋት የተደረገ ጥረት ነው፤ ቀለምን በመስታወት ውስጥ ለማስገባት፣ ወይም ከመስታወት መሳይ ነገር በታች ለማሳደር።

ቀይ ቀለም ለምን ቶሎ ይሞታል? አንድ ገጽ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ውጦ ቀዩን ብቻ ስለሚመልስ ነው። ስለዚህ ቀይ ቀለም በሥራው ጠባይ ምክንያት ከሚታየው ብርሃን ኃይል የበዛበትን ክፍል በየቀኑ ይውጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር አለ። የሞገዱ ርዝመት 300 ናኖሜትር የሆነ ጨረር በአንድ ሞል ወደ 400 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኃይል ይይዛል፤ ሁለት የካርቦን አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር ደግሞ በ350 ኪሎ ጁል አካባቢ ይበጠሳል። ይህ ማለት ጨረሩ የቀለሙን ሞለኪውልም፣ ቀለሙን ከላሜራው ጋር ያጣበቀውን ሙጫም የመቁረጥ አቅም አለው ማለት ነው። ሙጫው ሲቆረጥ የቀለሙ ዱቄት ብቻውን ይቀራል፤ ታፔላውን በእጁ የዳሰሰ ሰው መዳፉ እንደ ጠመኔ የሚያዝበት ከዚህ የተነሣ ነው።

በዘመኑ ከነበሩት ቀዮች መካከል ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራው ቬርሚሊዮን በብርሃን ይጠቁራል። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኙ ውሑዶች የሚሠሩት ርካሾቹ ቀዮች ደግሞ ይነጣሉ። የብረት ዝገት የሚሰጠው ቀይ አፈር መቼም አይለቅም፤ ነገር ግን ቡናማ ስለሆነ ከሩቅ አይጮህም። ቢጫው ሊድ ክሮሜት ግን ደማቅም ብርቱም ነበር። የ1920ዎቹ ባለሥልጣኖች ውሳኔ እንግዲህ ከሥነ ውበት ወይም ከልማድ የመጣ ሳይሆን ከቀለም መሸጫው መደርደሪያ የመጣ ነበር።

ይህ ልዩነት ዛሬም በየመንገዳችን ይታያል። በአራት ቀለም የታተመ የሱቅ ማስታወቂያ ጥቂት ዓመት ደጅ ከቆየ በኋላ የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ፣ ብርቱካኑ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። ቀዩና ቢጫው ሄደው ሰማያዊውና ጥቁሩ ብቻ ስለ ቀሩ ነው። ሰማያዊው በ1935 ለገበያ የቀረበው ታላቁ የመዳብ ፍታሎሲያኒን ሲሆን፣ ከሰው ሠራሽ ቀለሞች ሁሉ ለብርሃን ብርቱ ከሆኑት አንዱ ነው። ጥቁሩ ከጥላሸት የተሠራ ካርቦን ነው። የካርቦንን ጽናት የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ከማንም መሐንዲስ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ከጥላሸት የተበጠበጠው ቀለማቸው ብዙ መቶ ዓመት አልፎት እስከ ዛሬ ይነበባል። እነርሱ በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። መጽሐፉን ደግሞ በቆዳ ማኅደር ከተው ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከብርሃን ይጠብቁት ነበር። ጽኑ ቀለምና ጽኑ ሽፋን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑና አንዱ የሌላውን ሥራ እንደማይሠራ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

የሽፋኑ ጥቅም በሳይንስ መንገድ የተረጋገጠው በ1888 በእንግሊዝ አገር ነው። ዋልተር ራስልና ዊልያም አብኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሠዓሊዎች የሚጠቀሙባቸው የውሃ ቀለሞች በብርሃን ይለቃሉ ወይስ አይለቁም የሚለውን የከረረ ክርክር እንዲያጣሩ በመንግሥት ታዘው፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርገው ለሁለት ዓመት ገደማ ለብርሃን አጋለጡ። አንዳንዱ ቱቦ ተራ አየር፣ አንዳንዱ ደረቅ አየር፣ አንዳንዱ እርጥበት ያለው አየር ነበረበት፤ ከአንዳንዱም አየሩ ጨርሶ ተመጥጦ ወጥቶ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ሆነ። የሚያጠፉት በተለይ ሰማያዊውና ከእርሱ በላይ ያለው ጨረር ናቸው። እርጥበትና አየር ባሉበት ጥፋቱ ይበረታል፤ አየር በሌለበት ግን አብዛኞቹ ቀለሞች በዚያው ብርሃን ሥር ሆነው ሊለወጡ አልቻሉም። ብርሃን ብቻውን ሳይሆን ብርሃን፣ ኦክሲጅንና ውሃ ተባብረው ቀለምን እንደሚያጠፉ የታወቀው በዚህ ነው። ዛሬ ላሚኔሽን የምንለው ሥራ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚቻለውን ያህል ከሦስቱ ተባባሪዎች ሁለቱን ውጭ ያስቀራል፣ ሦስተኛውን ያጣራል።

ለ«ቁም» ምልክት የመጀመሪያው እውነተኛ መፍትሔ ኢናሜል ነበር። ኢናሜል ቀለም አይደለም፤ የተፈጨ መስታወት ከማዕድን ቀለም ጋር በብረት ላሜራ ላይ ተረጭቶ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በምድጃ ውስጥ የሚቀልጥ ሽፋን ነው። በዚህ ዓይነት ቀለሙ እንደ ትራፊክ መብራቱ በመስታወቱ ውስጥ ይገባል። በእናቶቻችን ቤት የነበሩት የኢናሜል ሳህኖችና ማሰሮዎች ስንት ዓመት ታጥበው አበባቸው እንዳልለቀቀ ያየ ሰው ስለ ጽናቱ ሌላ ምስክር አይፈልግም። የለንደን የምድር ባቡር ታፔላዎች እስከ ዛሬ በኢናሜል ይሠራሉ። እንዲህ ያለው የማይለቅ ቀይ ገጽ በበቂ ሁኔታ ከተገኘ በኋላ፣ የ1954ቱ ማሻሻያ «ቁም»ን ቀይ መደብ በነጭ ፊደል እንዲሆን ደነገገ። በ1924 የታሰበው በ1954 ተፈጸመ።

ኢናሜልም ግን የራሱ ድክመት አለው። ከባድ ነው፤ ውድ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ወይም ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንደ ሳህኑ ይላጣል፤ በተላጠበትም በኩል ዝገት ገብቶ ከሥር ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በማታ አያበራም። የማታው ችግር መፍትሔ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የሚኒሶታው ስሪ ኤም ኩባንያ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃዎችን በልጥፍ ላይ በመደርደር ስኮችላይት የተባለውን አንጸባራቂ ልጥፍ ሠርቶ፣ በ1939 በሚኒያፖሊስ የመጀመሪያውን የመንገድ ምልክት በዚህ ዓይነት ተከለ። እያንዳንዱ ዶቃ የመኪናውን ብርሃን ከኋላው ገጽ ላይ አጥቦ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ነጂው ዓይን ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ልጥፍ ዶቃዎቹ ራቁታቸውን ስለ ነበሩ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ታፔላው ይጨልም ነበር። ምክንያቱ የታወቀ የብርሃን ሕግ ነው። ዶቃው ብርሃኑን በትክክል በጀርባው ላይ የሚያጠበው ከፊቱ አየር ሲኖር ነው፤ ውሃ ሲለብስ የመታጠፊያው መጠን ይለወጥና ብርሃኑ ያለ ቦታው ያርፋል። ነጂው ምልክቱን አብዝቶ በሚፈልግበት በዝናባማ ሌሊት ምልክቱ አልነበረም ማለት ነው። በ1940ዎቹ ፊሊፕ ፓልምክዊስት የተባለው የዚያው ኩባንያ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዶቃዎቹን ለጥ ባለ ግልጽ ሽፋን ሥር ቀበራቸው። ውሃው ከዚያ ወዲያ በሽፋኑ ላይ ይወርዳል እንጂ ዶቃውን አይነካውም፤ የብርሃኑም ጉዞ ሽፋኑ ታስቦበት ስለ ተቀየሰ ዝናቡ አያዛባውም። ብዙ ሰው ሽፋንን ለቀለም መከላከያ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። በዚህ ሥራ ግን ሽፋኑ የምልክቱ አካል ሆነ፤ ያለ እርሱ ምልክቱ አይሠራም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ቀጣዩ ዓይነት ደግሞ የበለጠ ብልሃት አለበት። ዶቃዎቹ ፊታቸው አየር እንዲያገኝ ራቁታቸውን ሆነው፣ ከላያቸው ግልጽ ልጥፍ ተዘርግቶ እንደ ማር እንጀራ ባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ዙሪያቸው ታሸገ። ድንጋይ ወይም ምስማር አንዱን ክፍል ቢቀድደው ውሃው በዚያ ክፍል ብቻ ተወስኖ ይቀራል፤ ጎረቤቱ ደረቅ ይሆናል። መርከብ ሠሪዎች የመርከቡን ሆድ በግድግዳ የሚከፋፍሉበት ጥንታዊ ብልሃት በሚሊ ሜትር ልክ መጣ ማለት ነው። ሽፋን አንድ ቀን መበሳቱ እንደማይቀር አምኖ፣ ከተበሳ በኋላ ስለሚሆነው አስቀድሞ ማሰብ ከዚህ ሥራ የሚገኝ ትልቁ ነገር ነው።

ቀይ ቀለም ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልዳነም ነበር። በአንጸባራቂ ልጥፍ ላይ «ቁም» የሚሠራው ነጭ ልጥፍ ተወስዶ፣ ፊደሉ ሳይነካ መደቡ በስክሪን ፕሪንት ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ቀለም በመታተም ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ዱቄቱ ጥቂት፣ ንብሩም ስስ መሆን አለበት፤ ስስ መሆኑም ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጠዋል። ከዓመታት በኋላ የሚታየው ጉዳት ከተራ ታፔላ ጉዳት የከፋ ነው። ዶቃዎቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ ቀዩ ይለቃል፤ ነጭ ፊደል በነጭ መደብ ላይ ይቀራል። በቀን ሥጋ መሳይ የሆነ ነገር ይታያል፤ በማታ ደግሞ መኪናው ሲቀርብ ታፔላው ሁለንተናው በነጭ ያበራል፣ ቃል ግን የለበትም። የሚያበራ ባዶ ታፔላ ከጨለመ ታፔላ ይልቅ ያሳስታል፤ ነጂው አንድ ነገር እንደ ተነገረው ያውቃል፣ ምን እንደ ተነገረው ግን አያውቅም። እዚህ ላይ የ1923ቱ ሰዎች ቅርጹን ለመናገር መመደባቸው ትርፉ ይታያል። ቀለም ሲሞት ስምንቱ ጎን ቆሞ ይመሰክራል።

ለዚህ ችግር ሁለት መድኃኒት ተገኘ። አንዱ ከቀለሙ በኩል ነው፤ በ1958 ዱፖንት ኩባንያ ለገበያ ያወጣቸው ኩዊናክሪዶን የተባሉት ቀዮች ከቀድሞዎቹ እጅግ የጸኑ ሆኑ። ሁለተኛው ከሽፋኑ በኩል ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀው አክሪሊክ፣ በ1961 ደግሞ ቴድላር በሚል ስም የወጣው ፖሊቪኒል ፍሎራይድ፣ ፀሐይ የማያቢጫቸውና የማይሰነጥቃቸው ግልጽ ልጥፎች ሆነው ተገኙ። በውስጣቸው አልትራቫዮሌትን የሚውጡ ውሑዶች ይጨመራሉ። እነዚህ ውሑዶች ጨረሩን ውጠው ወደ ሙቀት ለውጠው ይበትኑታል እንጂ ወደ ታች አያሳልፉትም። ቀለሙ እንግዲህ ከብርሃኑ ክፉው ተወስዶለት፣ ከዝናብና ከአየር ተከልሎ፣ ከአቧራና ከመጥረጊያ ጨርቅ ፍትጊያም ድኖ ይኖራል ማለት ነው። ኅትመት በኮምፒዩተር ወደሚታዘዝ የቀለም መርጫ መኪና ከተሻገረ ወዲህ የሽፋኑ ነገር ይበልጥ ግድ ሆኗል፤ የመርጫው ቀለም በቀጭን ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት የሚያሳርፈው ንብር ከስክሪን ፕሪንቱ እንኳ የሳሳ ነው። ለመንገድ ምልክት የሚታተም ልጥፍ በመርጫ መኪና ሲሠራ አምራቾቹ ዋስትና የሚሰጡት የሽፋን ልጥፍ ከተለበሰበት ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው።

ሽፋን ግን የሞተን አያስነሣም፤ ደካማን ቀለምም ብርቱ አያደርግም። አልትራቫዮሌትን ሁሉ ቢያስቀር እንኳ ሰማያዊውን ብርሃን ማሳለፍ ግዴታው ነው፤ አለዚያማ ታፔላው አይታይም። ማርክ ሮትኮ የተባለው ሠዓሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሣላቸው ትልልቅ ሥዕሎች በቤት ውስጥ፣ ከመስኮት መስታወት ጀርባ ሆነው፣ ሊቶል በተባለው ደካማ ቀይ ምክንያት ደብዝዘው በ1979 ከግድግዳው ለመውረድ በቅተዋል። ርካሽ ቀለም ገዝቶ «ላሚኔት ይደረግበታል» ብሎ መጽናናት የሚያመጣው ትርፍ ከዚህ አይበልጥም።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘው ከተማችን እንግዲህ ቀዝቃዛ አየሯ ሰውን ቢያታልልም ለታፔላ ጨካኝ ናት። በሞቃት አገር ቀለም ይለቃል፣ በደጋ ይቆያል የሚለው ግምት ለእኛ አይሠራም። ፀሐይ በእኛ ኬክሮስ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችንን አቋርጣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከዚህ ጊዜ ብዙው በክረምት ደመና የተሸፈነ ነው። ሰማዩ በሚጠራበት በበጋው ወራት ደግሞ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ ታፔላ ጥሩውን ፀሐይ ሁሉ ይቀበላል፤ አንድ ዓይነት ሆነው በአንድ ቀን የተተከሉ ሁለት ታፔላዎች በአንድ ቀን የማይደበዝዙበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቀለምና የልጥፍ ናሙና እርጥብና ሞቃት በሆነችው በደቡብ ፍሎሪዳ፣ ቆይቶም ደረቅና ሞቃት በሆነችው በአሪዞና ሜዳ ላይ በዘንበል ባለ ሰሌዳ ተሰድሮ ይፈተናል። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው የዕድሜ ዋስትና ከእንዲህ ያለው ፈተና የመነጨ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ለቆመ ገጽና ለመጠነኛ አየር ንብረት የተሰጠ ነው። ብዙ አምራቾች ዓለምን በአየር ንብረት ክልል ከፍለው ፀሐይ ለሚበዛበት አገር የዋስትናውን ዓመት ይቀንሳሉ። በገዥና በሻጭ መካከል ለሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ምክንያት የሚሆነው ይህች በትንሽ ፊደል የተጻፈች ሠንጠረዥ አለመነበቧ ነው።

ከዚህ በታች ባለው ደረጃ በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚሰቀለው ወረቀት አለ። በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በሙቀት መኪና ላሚኔት የተደረገ ማስታወቂያ የቀበሌ መታወቂያን በኪስ ውስጥ ስላኖረ ደጅም የሚያኖር ይመስላል። ነገር ግን ያ ልጥፍ አብዛኛውን ጊዜ አልትራቫዮሌትን የሚውጥ ነገር የለበትም፤ ወረቀቱ ሳይርስ ቀለሙ ብቻ ይጠፋል። ከዚያም አንዱ መጥቶ በአራቱ ማዕዘን ምስማር ይመታበታል። የምስማሩ ቀዳዳ ለዝናቡ በር ነው። ወረቀቱ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ይስበዋል፤ የገባውም ውሃ ላስቲኩ ስለ ያዘው አይወጣም። እንዲህ ከሆነ በኋላ ሽፋን የሌለው ወረቀት ይሻላል፣ እርሱስ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቱ ከላስቲኩ ያነሰ ሆኖ ዙሪያው ከላስቲክ ለላስቲክ ይጣበቅ፤ ምስማሩም በዚያ ባዶ ጠርዝ ይለፍ፣ ወይም ከነጭራሹ በጀርባው ይለጠፍ።

በትላልቁ ሥራም የሚፈርሰው መሀሉ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ልጥፍ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ በትኩስ ብረት ዘንጎች መካከል ተዳምጦ የሚወጣ ሲሆን፣ መለጠጡን አይረሳምና በፀሐይ ሲሞቅ ወደ ቀድሞው ልኩ ይሰበሰባል። ሌላው ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጋገር ነው፤ ያልተለጠጠ ስለሆነ አይሰበሰብም። የታችኛው ከአንዱ፣ ሽፋኑ ከሌላው የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱ በየፊናቸው ሲሳሳቡ ጠርዙ ይነሣል፣ ነፋስና ውሃ ይገባል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ችኮላ ነው። በአሟሚ የተበጠበጠ ቀለም ታትሞ ሳይደርቅ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሳያድር ሽፋን ቢለብስ፣ አሟሚው መውጫ አጥቶ ሙጫውን ያላላዋል፤ ከሳምንታት በኋላም አረፋ ሆኖ ይነሣል። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬውኑ» ሲል ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የጠርዙ ነገር ከላቲኑ ይልቅ ይብሳል። ከልጥፍ ተቆርጠው ለየብቻ በሚለጠፉ ፊደሎች መጀመሪያ የሚላቀቀው ቀጭኑና ወጣ ያለው ክፍል ነው፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው ያው ትንሽ ቅጥያ ነው። ከ«ቁም» ላይ ያቺ አንዲት ጭረት ብትወድቅ የሚቀረው «ቀም» ነው። በላቲን ፊደል ጠርዙ የተላጠ ቃል ተበላሽቶም ይነበባል፤ በእኛ ግን ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ ፊደሎቹን ለየብቻ ከመለጠፍ ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ አትሞ ሁሉን በአንድ ሽፋን ማልበስ ለአማርኛ ታፔላ ከውበት ጉዳይ የበለጠ ነው።

በአሜሪካ ከ2008 ጀምሮ የተሠራበት ደንብ እያንዳንዱ የመንገድ ባለሥልጣን ታፔላዎቹ በማታ ከተወሰነው ልክ በታች እንዳያንጸባርቁ የሚከታተልበት ዘዴ እንዲኖረው ያዛል። ከተፈቀዱት ዘዴዎች አንዱ የሠለጠነ ተመልካች በማታ በመኪና እየዞረ እንዲያይ ማድረግ ነው። ሌላው ከዚህ የቀለለ ነው፤ የታፔላው ዕድሜ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ የተመደበለት ዓመት ሲሞላም በጎ ቢመስል እንኳ ይነሣል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በታፔላው ጀርባ የሚለጠፍ፣ ወርና ዓመት የተጻፈበት አንድ ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው። እርሱም ራሱ በግልጽ ልጥፍ መሸፈን ይኖርበታል።